ጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠው አስተርጓሚ

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ የውጭ አገር ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግራችሁ፣ እሱ እየተናገረ ሳለ እናንተ ምን ትሠራላችሁ? «እንሰማዋለን» ካላችሁ ታድላችኋል። እኔ ግን አልሰማም ነበር። እሱ ሲናገር እኔ የምመልሰውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅ ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ አስባለሁ፤ ቀጥሎ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ ግሡ መጨረሻ ላይ «ኤስ» ይግባ አይግባ ብዬ እመረምራለሁ። ይህን ሁሉ ጨርሼ ቀና ስል ሰውዬው ሌላ ወሬ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ልማድ አንድ ቀን ያደረሰብኝን እፍረት ለብዙ ሰው አልተናገርኩም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

19 ዓመቴ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቃለሁ። በእንግሊዝኛ ከክፍሌ ልጆች የሚበልጠኝ አልነበረም። በዚያ ክረምት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ከካናዳ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጥተው ለሁለት ሳምንት እናቶችን ስለ ሕፃናት ጤና ያስተምሩ ነበር። ለትምህርቱ ጎበዝ አስተርጓሚ ተመድቦላቸዋል። የእኔ ሥራ ቦርሳቸውን መሸከም፣ ከእንግዳ ማረፊያው ማምጣትና መመለስ፣ ምሳ ላይ ደግሞ ብቻቸውን እንዳይቀመጡ አብሬያቸው መብላት ነበር። የወጣቶች መሪያችን «አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ» ብሎ መረጠኝ። እኔም የምችል መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። እሳቸው ከእንጀራው ቆረስ አድርገው በጣታቸው እንደያዙ ረጋ ብለው ማውራት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ስለ እንጀራ አንድ ቁም ነገር ልነግራቸው አስቤአለሁ። «እንጀራ የሚሠራው ከጤፍ ነው» የምትል ናት። ቀላል ትመስላለች አይደል? ነገር ግን ግሧ ተገብሮ ነው። ደግሞስ «ሜድ ኦፍ» ነው የሚባለው ወይስ «ሜድ ፍሮም»? የ10ኛ ክፍል አስተማሪያችን ልዩነቱን ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን ነበር። ያንን ሰሌዳ በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ፣ በየመሀሉ «የስ፣ የስ» እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። እሳቸው ዝም ሲሉ ተራዬ መድረሱ ገባኝ። ፈገግ ብዬ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ፣ «ቬሪ ጉድ! እንጀራ ኢዝ ሜድ ፍሮም ጤፍ!» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። «ኢዝ ኢት?» አሉ በጨዋነት። ከዚያም ወደ ምግባቸው ተመለሱ።

ከፊት ለፊታችን አንዲት እህት ተቀምጣ ነበር። ምሳው እንዳለቀ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ሴትዮዋ እኮ ‹ባለቤቴ እንጀራ በጣም ይወድ ነበር፤ ባለፈው ሚያዝያ ሞተብኝ› ነው ያሉህ!» አለችኝ።

ሰዋስዉ ትክክል ነበር። «ሜድ ፍሮም» ነው የሚባለው። ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ይህን ሳስብ ጆሮዬ ይግላል።

ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳምንቱ አልቆ እንግዳችንን ቦሌ ድረስ ሸኘናቸው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም። ይቅርታ ለመጠየቅ ሌላ ዓረፍተ ነገር መሥራት ነበረብኝ፤ እሱን ደግሞ ፈራሁት።

ቆይቶ፣ ንዴቴ ሲበርድ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ መመርመር ጀመርኩ። እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፦ «ትናንት ከመርካቶ የገዛሁትን ጫማ ለእህቴ ሰጠኋት።» አማርኛው ከትናንት ይነሣል፤ መርካቶ ይደርሳል፤ ጫማውን ይገዛል፤ እህቴን ያገኛል፤ በመጨረሻ «ሰጠኋት» ይላል። በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ሰጪው አለ፣ መስጠቱ አለ፣ ተቀባይዋም አለች። እንግሊዝኛው ግን ሲጀምር «አይ ጌቭ» ብሎ ነው። እኛ እስከ መጨረሻው ድረስ ይዘን የምናቆየውን ግሥ እሱ በሁለተኛው ቃል ይፈልገዋል። ስለዚህ በአማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አማርኛውን እስከ ጫፉ ድረስ ሄዶ፣ ግሡን ይዞ፣ እንደገና ወደ ፊት መመለስ አለበት። የታክሲ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመውን ሰው ጠርቶ ከፊት እንደ ማስገባት ነው። ሰልፉ ይረበሻል፤ አንዳንዱም ይቀየማል።

ቅደም ተከተሉ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። እኛ «ራበኝ» እንላለን፤ ረኃብ መጥቶ አንድ ነገር አድርጎኛል ማለት ነው። እነሱ «አይ አም ሀንግሪ» ይላሉ፤ ሰውዬው ራሱ ረኃብተኛ ነው። እኛን ጉንፋን ይይዘናል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው። (ማን ማንን እንደያዘ ሐኪሞች ይወስኑ።) ደግሞ «መጣሁ» የምንላትን ቃል አስቡ። ከተቀመጥንበት ተነሥተን ልንወጣ ስንል «መጣሁ» እንላለን። ገና አልሄድንም እኮ! አማርኛውን እንዳለ የገለበጠ ሰው «አይ ኬም» ብሎ ይነሣና በሩን ዘግቶ ይወጣል። እኔ እንግዳችንን በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ «አይ ኬም» ብዬ ጥያቸው እንደወጣሁ እግዚአብሔር ይወቀው።

መውጫውን ያሳየችኝ አክስቴ ናት። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም። ያችን የጤፍ ታሪክ ስነግራት መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ቀጥላ ዝም አለች፤ ከዚያም «አንተ እኮ አማርኛም አትችልም ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ የተወለድኩት ወላይታ ውስጥ፣ ለሶዶ ቅርብ በሆነች፣ የዳሞታ ተራራ ከደጅ በሚታይባት መንደር ነው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ስመጣ 9 ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተማርኩትም የተጫወትኩትም በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ የማውቀው በመዝሙር ብቻ ነበር። መዝሙር ደግሞ ሱቅ ሲልኩህ አይጠቅምም። አክስቴ «ሩብ ኪሎ ስኳር ስጡኝ በል» ብላ ስትልከኝ መንገዱን ሙሉ ቃሏን እየደጋገምኩ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ያለ ልጅ መንገድ ላይ «የት ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱን ስተረጉም ስኳሩ ጠፋኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከዚያ ወራት አለፉ። የአክስቴ ትንሽ ልጅ ደረጃው ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ አየኋት፤ ከአፌ «እኔን!» የሚል ቃል ወጣ። አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ልጅቷን አነሣች፤ ከዚያ እኔን እያየች «አማርኛ ዛሬ ገባህ» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። «እኔን» በወላይትኛ ምን እንደሚባል ማንም አልነገረኝም። ከምንም ነገር ተርጉሜውም አላውቅም። ሰው ሲወድቅ ሰዎች ሲሉት መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሰው ወደቀ፣ ቃሉ ወጣ። በልጅቷ መውደቅና በእኔ አፍ መካከል የቆመ አስተርጓሚ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ግን ወደ እኔ የመጣው በዚህ መንገድ አይደለም። የመጣው በደብተር ነው። እኔ በተማርኩበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው እንግሊዝኛ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪዎቻችን ግን ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያጽፉንና ማብራሪያውን በአማርኛ ይሰጡን ነበር። አልፈርድባቸውም፤ እንድንረዳ ብለው ነው። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ፦ «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል ከነፊደሉ አውቃለሁ፤ ማማሰያን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምሬ በእንግሊዝኛ የወደቀ ሰው አንሥቼ አላውቅም።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ፍራንሷ ጉዋን አነበብኩና ዘመዴን ያገኘሁ መሰለኝ። ጉዋን በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ የላቲን አስተማሪ ነው። ጀርመንኛ ለመማር ሀምቡርግ ሄደ። የሰዋስው መጽሐፉን በቃሉ ያዘ፤ ያፈነገጡትን ግሦች ሁሉ አጠና፤ ከዚያ ተማምኖ አካዳሚ ገብቶ ትምህርት ሊሰማ ተቀመጠ። አንድም ነገር አልገባውም። ተመልሶ ገጣሚዎቹን በመዝገበ ቃላት እየተረጎመ አነበበ፤ በመጨረሻ መዝገበ ቃላቱን ራሱን ከዳር እስከ ዳር አጠና። አሁንም ሰዎቹ ሲናገሩ አይሰማውም። ተስፋ ቆርጦ አገሩ ሲገባ፣ ሲሄድ አፉን ያልፈታው የእኅቱ ልጅ በሦስት ዓመት ዕድሜው ፈረንሳይኛውን እንደ ልቡ ሲያወራው አገኘው።

ጉዋን በልጁ ተናደደ ወይስ ቀና አላውቅም፤ ብቻ ተከተለው። ልጁ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ወሰዱት። ሲመለስ ያየውን ሁሉ በጨዋታ ደገመው፤ ትንንሽ ከረጢት በአሸዋ ሞላ፣ ወፍጮ ሠራ፣ እህሉ ሲፈስ፣ ድንጋዩ ሲዞር፣ ዱቄቱ ሲወርድ፣ አንዱን ከሌላው በኋላ በቅደም ተከተል እየሠራ እየተናገረ። ጉዋን በዚህ ተነሥቶ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ቀረጸ፤ መጽሐፉንም በ1880 አሳተመ። ዘዴው በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድን ተራ ሥራ ወደ ትንንሽ እርምጃዎች ትከፍላለህ፤ ለምሳሌ በር መክፈትን፤ እያንዳንዷን እርምጃ እየሠራህ በቋንቋው ትናገራለህ። ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር ሳይሆን ከእጅህ ጋር ይታሰራል።

እኔ ይህን ሳነብ በሌላ መንገድ እዚያው ደርሼ ነበር። ከአክስቴ ንግግር በኋላ የጀመርኩት በወጥ ቤት ነው። ማለዳ ስነሣ ብርድ ልብሱን እያጠፍኩ፣ ውሃ እየቀዳሁ፣ ሻይ እየጣድኩ፣ የማደርገውን በሹክሹክታ በእንግሊዝኛ እላለሁ። የመጀመሪያው ቀን አራት ደቂቃ አልቆየም። ብርድ ልብሱን አጠፍኩ፤ ሳፋው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሳፋ ምንድን ነው? ከሳፋው አልፌ ማሰሮው ላይ ደረስኩ፤ ክዳኑ እንዳይወድቅ በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት፤ «እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ» ልል ፈልጌ ዝም አልኩ። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር የሰማይንና የምድርን ሳይንስ በእንግሊዝኛ እያወቅኩ በገዛ ቤታችን ውስጥ ድዳ መሆኔን ነው።

ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ቃሉ ሲጠፋኝ ወደ አማርኛ አልሮጥም፤ በዙሪያው እዞራለሁ። ሳፋ «ልብስ የምናጥብበት ሰፊ ዕቃ» ሆነ፤ በእንግሊዝኛ ማለቴ ነው። ማማሰያ «ወጡን የሚያዞረው እንጨት» ሆነ። ይህ ሕፃንነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ፊት ቆሜ ቃል ሲጠፋኝ እንዳልደነግጥ ያደረገኝ ይኸው ነው። ቃል ጠፋ ማለት መንገድ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ እጄ ተማረ። ከዚያ ማታ ቃሉን ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ በነጋታው ሳፋው ያስታውሰኛል።

ቤታችን ውስጥ የአምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። እሱን ለጊዜው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩትና ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ ገዛሁ። ኦክስፎርድ ለተማሪዎች ያዘጋጀው ነው፤ መጀመሪያ የጻፈው ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ በኦክስፎርድ የታተመውም በ1948 ነው። እንደ እኛ የሚቸገሩ ተማሪዎችን እያየ የጻፈው ስለሆነ ከባዱን ቃል በቀላል ቃላት ይፈታዋል። ያም ራሱ «በዙሪያው መዞር» ነው።

አክስቴ መጀመሪያ «ማንን ነው የምታዋራው?» ትል ነበር። ኋላ ተወችኝ። ሁለት ወር ያህል ምንም ለውጥ አላየሁም፤ ልተወውም ነበር። ደግሞ ሰለቸኝ፤ ሰው ስንት ቀን ብርድ ልብስ ማጠፉን ሲናገር ይኖራል? ስለዚህ ከእጄ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ ሐሳቤ ሄድኩ። እሁድ ከፕሮግራም ስመለስ ታክሲ ውስጥ የሰማሁትን ለራሴ በእንግሊዝኛ መልሼ እነግራለሁ። የተስማማሁበትን፣ ያልተስማማሁበትን፣ ያዘጋጁት ልጆች ማይክሮፎኑን ስንት ጊዜ እንዳስጮኹት። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ብዙ ጊዜ መውረጃዬ አልፎኛል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ፤ ጊዜ አባክኖብኛል። «በእንግሊዝኛ ማሰብ» ሲባል ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነነጥቡ፣ በጭንቅላቴ ውስጥ ማንበብ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ሐሳቤን ሁሉ እንደ ፈተና ወረቀት ማረም ጀመርኩ። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ በሞተበት ዓመት በ1934 በታተመው ስለ ሐሳብና ቋንቋ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሰው ለራሱ ውስጥ ውስጡን የሚናገረው ንግግር አጭር፣ የተቆራረጠ፣ ባለቤቱ እንኳ የተዘለለበት መሆኑን ያስረዳል። በአማርኛም እኮ እንደዚሁ ነን። ቁልፍ ሲጠፋን «ቁልፉ… ጠረጴዛ… የለም… ትናንት ጃኬት» ነው የምንለው እንጂ «እኔ ቁልፌን ትናንት በለበስኩት ጃኬት ኪስ ውስጥ ረስቼው ይሆናል» አንልም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ለራሴ ስናገር ማረሙን ተውኩ። የተሰበረ እንግሊዝኛ ይሁን፤ ብቻ ከነገሩ በቀጥታ ይምጣ።

ሰዓትንም እንደዚሁ ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳችንን «ነገ ትሪ ኦክሎክ እወስድዎታለሁ» ብያቸው ነበር፤ በእኛ ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው። ጠዋት ስደርስ ከነጠላ ጫማቸው በሩን ከፈቱልኝ። እሳቸው የጠበቁኝ ከቀትር በኋላ ነው! ሁላችንም ስድስት መደመርና መቀነስ እናውቃለን፤ መደመሩ ግን ራሱ ትርጉም ነው። የረዳኝ «ኤይት» ሲባል የትምህርት ቤት ደወልን፣ «ትዌልቭ» ሲባል የምሳ ሽታን ማሰቤ ነው።

በእንግሊዝኛ ክበቦች አንዳንድ ቦታ አማርኛ የተናገረ ሰው ሳንቲም ይቀጣል። እኔ አልወደውም። አንድ ጊዜ ገብቼ አይቻለሁ፤ ሰዎቹ እንግሊዝኛ ከመናገር ይልቅ ዝምታን መረጡ፤ ዝም ያለ አይቀጣምና። አማርኛ ሌባ አይደለም በቅጣት የሚባረር። ደግሞ በአማርኛችን መሀል በየሦስት ቃሉ እንግሊዝኛ መሰንቀርን «በእንግሊዝኛ ማሰብ» ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ እኔ ግማሽ በግማሽ በሆነ ንግግር እንግሊዝኛው የቀናው ሰው ገና አላጋጠመኝም። በነገራችን ላይ እኔ ዛሬም ገንዘብ የምቆጥረው በአማርኛ ነው፤ መቁጠርን ከባለ ሱቁ ስለተማርኩ ይሆናል። ስናደድም በአማርኛ ነው። በጣም ሲከፋኝ ስጸልይ ደግሞ ሳላስበው ወላይትኛ ይመጣል። ይህን ለመለወጥ አልሞከርኩም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እንግዳችን ተመልሰው መጡ። የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። መምጣታቸውን ስሰማ የይቅርታውን ንግግር ማዘጋጀት ጀመርኩ። አዎ፣ አሮጌው ልማዴ! ሦስት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች፣ አንዱ ተገብሮ ያለበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው አገኘኋቸው። እንዳዩኝ «ሚስተር ጤፍ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ተበተነ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ አያቴን የሚያክሉ ሴት «ዩ» ማለት ሁልጊዜ አፌን ያሳክከኛል፤ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረም። «ያን ቀን አልሰማሁዎትም ነበር። እባክዎ፣ አሁን ይንገሩኝ» አልኳቸው። በእንግሊዝኛው ስምንት ወይም ዘጠኝ ቃል ቢሆን ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። ወንበር አሳዩኝና ተቀመጥኩ።

ባለቤታቸው ሐኪም ነበሩ። ወጣት ሳሉ ኢትዮጵያ መጥተው ሠርተዋል። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እንጀራ ስለናፈቃቸው በየቅዳሜው በስንዴ ዱቄት ይሞክሩ ነበር፤ መጥበሻው ላይ ይጣበቅባቸዋል፤ ይፍቁታል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይሞክራሉ። «ያን ጊዜ ጤፍ የት እንደሚገኝ አናውቅም ነበር» አሉኝ። «አንተ ‹ከጤፍ ነው› ስትለኝ እሱ ቢሰማህ ኖሮ ‹ይኸው፣ አላልኩም?› ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።» ከዚያ የመጨረሻዎቹን ወራት ነገሩኝ። ማጎንበስ እንዴት እንዳቃታቸው፣ እሳቸው የጫማቸውን ክር እንዴት ያስሩላቸው እንደነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ይሉ ነበር፤ በዝምታቸው ውስጥ ተራዬን አልፈለግኩም።

የት ነበር የሠሩት ብዬ ጠየቅኩ።

«ሶዶ» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ለእኔ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ቃል ነበረች። ትርጉሟን ነግሮኝ ነበር፤ ረሳሁት። ቃሏ ግን አለች። ‹ሳሮ›።»

ሳሮ ሰላም ነው። እናቴ በስልክ መጀመሪያ የምትለኝ ቃል ናት። ከስንት ዓመት በፊት ምሳ ላይ፣ እኔ ሰሌዳ እያየሁ፣ እሳቸው ይህን ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር ማለት ነው።

«ሳሮ» አልኳቸው። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉና ትንሽ ቆየን። ከዚያ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ መንደራችን ነገርኳቸው፤ ዳሞታ በክረምት ጠዋት ጭጋግ ለብሶ እንዴት እንደሚታይ ስነግራቸው ጭጋግ የሚለውን ቃል በዙሪያው ዞሬ ነው ያለፍኩት። ሻያቸውን አየሁት፤ ሳይነካ በርዷል። ላሙቅላቸው ብዬ ስኒውን አነሣሁና ወደ ወጥ ቤቱ እያመራሁ፣ በሙሉ ልብ፣ ሳላስብ፣ «አይ ኬም» አልኳቸው።

ከኋላዬ «ፍሮም ዌር?» ሲሉ ሰማኋቸው።